ትኩሳትና ቁርጥማት፦ ጉንፋን ነው ወይስ ወባ? ጅማ ያላችሁ እስቲ

አወቱ_ማዶ

ሰላም ጅማዎች፣ እንዴት ዋላችሁ። ቆጪ አካባቢ ነን፤ ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ሰዉ ስድስት። ወንድሜ ከትናንት ወዲያ ማታ በአንድ ጊዜ ወደቀ፦ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ትኩሳቱ በብብት 39.2፣ ወገቡንና ጭኑን ይቆረጥመዋል፣ ዓይኑን ሲያዞር ያመዋል፣ ሳሉ ደረቅ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የ3 ዓመቷ ልጁ ተኮሰች፤ 13 ኪሎ ናት። ባለቤቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እናታችን 67 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርም ግፊትም አለባቸው።

ሰዉ ሁሉ ሐኪም ሆኗል። አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይጠጣ» ይላል፤ ሌላው «በዚህ ወር ትኩሳት ማለት ወባ ነው፣ ኮአርተም ጀምሩለት» ይላል። መድኃኒት ቤት ደግሞ ሳይመረመር አሞክሳሲሊን 10 ፍሬና «የጉንፋን» የሚባል ኪኒን ሰጥተው ሸኙን።

በምን ይለያል? ፓራሲታሞሉ ለእሱ ስንት፣ ለልጅቷ ስንት? ለነፍሰ ጡሯና ለእናታችን ምን እንጠንቀቅ? በቁጥር የምትነግሩኝ ካላችሁ አመሰግናለሁ።

ማይክሮስኮፕ

እህቴ፣ መጀመሪያ ደሙ ይታይ። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቶ ባለበት ወቅት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ጅማ ላይ የተኮሰ ሰው ፊት አይቶ «ይሄ ጉንፋን ነው» የሚል ሰው ገማች እንጂ መርማሪ አይደለም። ብርድ ብርዱም፣ ቁርጥማቱም፣ ራስ ምታቱም በሁለቱም አለ።

ወደ ኢንፍሉዌንዛ (ወደ ከባዱ ጉንፋን) የሚያደሉ ነገሮች አሉሽ፦ ደረቅ ሳሉ፣ ድንገት መጣሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅቷ በሁለተኛው ቀን መከተሏ። ኢንፍሉዌንዛ ወደ ሰው ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ1 እስከ 4 ቀን ነው የሚፈጀው፣ አብዛኛውን ጊዜ 2። ወባ ግን ትንኟ ከነከሰች በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ገደማ ትወስዳለች፤ በሳልም አትተላለፍም። ቢሆንም ማድላት ሌላ፣ መሆን ሌላ። ወባ የያዘው ሰውም ያስላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሊይዙም ይችላሉ።

ስለዚህ ሁለቱም፣ አባትም ልጅም፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ውጤቱ በተባለው ደቂቃ ካልተነበበ ያሳስታል፤ ተረስቶ ከቆየ በኋላ የሚታይ ደብዛዛ መስመር አይታመንም። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ደግሞ ምርመራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል፣ በአዲስ ይደገማል። ወንድምሽ ባለፉት ሳምንታት ወባ ታክሞ ከነበረ ሳይጠየቅ ይናገር፤ ፈጣኑ ምርመራ ጥገኛው ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ኔጌቲቭ ወጥቶ ትኩሳቱ አልለቅ ካለ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ይደገም፤ በደም ውስጥ ያለው ጥገኛ ገና ትንሽ ሲሆን ሊያመልጥ ይችላል።

ኮአርተም በግምት አይጀመርም። መጠኑ በክብደት ነው፤ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። በእኛ አገር ያለው ወባ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ለእሱ ሌላ ተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልጋል። የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለት ሦስት ፍሬ ውጦ «ተሻለኝ» ብሎ የሚያቆም ሰው ምልክቱን ነው የሚሸፍነው፣ በሽታው እዚያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የሚያናድደኝ ስለሆነ። ደም ሲሰጥ ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ አብሮ ተሠርቶ «ታይፎይድም አለብህ» ቢባል ቶሎ አትደንግጡ። ዊዳል የሚያየው ሰውነት በፊት ያመረተውን መከላከያ ነው። የድሮ ኢንፌክሽን፣ ሌላ ጀርም፣ ሁሉም ቁጥሩን ሊያወጣው ይችላል። አንድ ዊዳል ብቻ ይዞ ታይፎይድ ነው ማለት አይቻልም፤ ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ሰው በዚህ መንገድ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ብርቅ አይደለም።

መድኃኒት_መደርደሪያ

ማይክሮስኮፕ የምርመራውን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ኪኒኑ።

የተሰጣችሁን «የጉንፋን ኪኒን» ገልብጪና ጀርባውን አንብቢ። በአብዛኛው በአንዱ ፍሬ ውስጥ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል፣ አፍንጫ የሚያደርቅና የሚያስተኛ ክሎርፌኒራሚን፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ አፍንጫ የሚከፍት ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን፣ አልፎ አልፎም ካፌይን አለበት። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፦ ሰውየው 2 ፓራሲታሞል ይውጣል፣ «ይሄ ለጉንፋኑ ነው» ብሎ ያንን አንዱን ይደርብበታል። በአንድ ጊዜ 1,500 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፤ በቀን አራቴ ቢደግመው 6,000። ለጤነኛ ጎልማሳ የቀኑ ጣሪያ 4,000 ነው፤ ከዚያ በላይ ጉበት ይጎዳል፣ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን አይታይም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጡ። እኔ ብቻውን ያለውን ፓራሲታሞል እመርጣለሁ።

ለወንድምሽ፦ 500 ሚሊግራሙን 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። በጣም ቀጭን ከሆነ፣ ጉበቱን የሚያመው ከሆነ ወይም አረቄ የሚያዘወትር ከሆነ መጠኑ ይቀንሳል፤ ያኔ ባለሙያ ይጠየቅ።

ለልጅቷ ስሌቱ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። በ13 ኪሎ ከ130 እስከ 195 ሚሊግራም ይመጣል። ሽሮፑ «120 በ5 ሚሊ» የሚል ከሆነ 7 ሚሊ ስጧት፣ 168 ሚሊግራም ነው። «125 በ5 ሚሊ» ቢሆንም ያው 7 ሚሊ። ግን «250 በ5 ሚሊ» የሚልም ገበያ ላይ አለ፤ እሱ ከሆነ 3.5 ሚሊ ብቻ! ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነበብ «ያው ፓራሲታሞል ሽሮፕ ነው» ተብሎ እጥፍ የሚሰጠው በዚህ ነው። በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ። ጠርሙሱ ይወዝወዝ፤ ካልተወዘወዘ መድኃኒቱ ታች ይቀርና የመጀመሪያው ቀን ውሃ፣ የመጨረሻው ቀን ዝቃጭ ትጠጣለች። በሻይ ማንኪያ አትለኩ፣ ማንኪያው ሁሉ ልኩ የተለያየ ነው፤ መርፌ የሌለው 5 ወይም 10 ሚሊ ሲሪንጅ ግዙ።

ደግሞ ትኩሳት ባየ ቁጥር ሽሮፕ አይሰጥም። 38.2 ሆና የምትጫወትና የምትጠጣ ልጅ መድኃኒቱ የግድ አያስፈልጋትም። ፓራሲታሞል ሕመም ያስታግሳል እንጂ ቫይረሱን አይነካም።

አስፕሪን ከ18 ዓመት በታች ላለ ሰው በጭራሽ። ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገጥም አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃ፣ ብርቅ ግን ገዳይ ችግር ያመጣል። አይቡፕሮፌን ለነፍሰ ጡሯ አይሰጥ። ለእናታችሁም አልመክርም፤ ግፊት ላለበት ሰው ኩላሊትን ያስቸግራል፣ ጨጓራም አለ። «አንድ መርፌ ይወጋና ይለቀዋል» የሚባለው ዲክሎፌናክ የአይቡፕሮፌን ዘመድ ነው፤ ላቡን አውጥቶ ለጥቂት ሰዓት ያስቀምጠዋል፣ በሽታውን ግን በአንድ ቀን አያሳጥርም።

አሞክሳሲሊኑ ይቀመጥ፣ አይጀመር። ባክቴሪያ ነው የሚገድለው፣ ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው። በኋላ የሳንባ ምች ከመጣ ሐኪሙ በክብደቱ ልክ ያዛል፤ «በቃ በፊትም ወስጃለሁ» የሚለው ግማሽ ኮርስ ምልክቱን ያደበዝዛል፣ ጀርሙንም ያለማምደዋል።

ኢንፍሉዌንዛን ራሱን የሚመታው ኦሴልታሚቪር ነው፦ ለጎልማሳ 75 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለ5 ቀን፣ በሐኪም ትዕዛዝ። የሚጠቅመው በዋነኛነት ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ጤነኛ ጎልማሳ ያለእሱም ይድናል። ነፍሰ ጡር፣ ከ65 ዓመት በላይ የሆነ፣ ስኳር፣ አስም፣ የልብ ሕመም ወይም ኤችአይቪ ያለበት፣ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ግን በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ይየው። የእናንተ ቤት ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላሉ «እስቲ ሦስት ቀን እንየው» የሚባለው ወባው ከተጣራ በኋላ ለወንድምሽ ይሠራል፣ ለእነሱ አይሠራም።

እናታችሁ አፍንጫ የሚከፍተውን ኪኒን አይውሰዱ፤ ደም ግፊት ይጨምራል። ከተኮሱ ስኳራቸው ምግብ ሳይበሉም ሊወጣ ይችላልና በቀን አራቴ ይለካ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ «አልበላሁም» ብለው በራሳቸው አያቁሙ። ሜትፎርሚን የሚውጡ ከሆነና ማስታወክ፣ ምንም አለመጠጣት ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቅ። ነፍሰ ጡሯ ከተኮሰች ፓራሲታሞል ትችላለች፤ እንዲያውም ትኩሳቱን ዝም ብሎ መተው ነው የሚከፋው። እሷም ደሟ ለወባ ይታይ፤ በእርግዝና ላይ ወባ ቀልድ የለውም።

ሌላ፣ የጅማ ጉዳይ ስለሆነ ልበለው፦ ጫት። «ይነቃቃ» ብለው የሚያስቅሙ አሉ። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምት ይጨምራል። ሱዶኤፌድሪን ካለበት ኪኒን ጋር ደግሞ ልብ ላይ ድርብ ጭነት ነው። እስኪድን ይቅር።

ደቂቃ_ቁጠሩ

የልጅቷን እኔ ልውሰድ። ቴርሞሜትሩ ላይ አትፍጠጡ፣ ደረቷን እዩ።

ስትተኛ ወይም ጸጥ ስትል ልብሷን እስከ ደረቷ ግለጡ፣ ስልክ ላይ 60 ሰከንድ ሙሉ አስይዙና ሆዷ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር አንድ በሉ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት የለም፣ የልጅ አተነፋፈስ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል። እያለቀሰች ወይም እየጠባች የተቆጠረ አይሆንም። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ2 ወር በታች 60። ፈጣን ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ።

የሚከተሉት ከታዩ ግን መቁጠርም አያስፈልግም፣ ባጃጅ ጥሩና ሂዱ፤ ሌሊትም ቢሆን የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ክፍት ነው። አየር ስታስገባ የታችኛው ጎኗ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ። ዝም ብላ ተቀምጣም እስትንፋሷ ሲር የሚል ድምፅ ካለው። መጠጣት ወይም መጥባት ካቃታት፣ የወሰደችውን ሁሉ ካስመለሰች። ለመቀስቀስ ካስቸገረች ወይም አንገቷ ከደረቀ። ከንፈሯ ከጠቆረ። 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልሸናች።

አንዳንድ ልጅ ትኩሳቱ ሲወጣ ያንቀጠቅጠዋል። በጎኗ አስተኟት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ፣ ክብሪት አታሽትቷት፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ድንገተኛ ነው፤ በ1 ደቂቃ ቢቆምም በዚያው ቀን ትታይ፣ ምክንያቱም የጭንቅላት ወባና ማጅራት ገትርም እንዲሁ ነው የሚጀምሩት።

ማልበስ፦ ትኩሳት ያለባትን ልጅ በጋቢ ጠቅልሎ ማላብ ትኩሳቱን ይጨምራል። አንድ ቀለል ያለ ልብስ ይበቃል። በቀዝቃዛ ውሃ መንከርም አይደለም፣ መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ አርሶ ግንባርና ብብት መጥረግ ይቻላል፣ ደስ ካላት። በብብት ስትለኩ ላቡን ጥረጉ፣ ክንዷን ያዙና እስኪጮህ ጠብቁ፤ 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው።

ከ3 ወይም 4 ቀን በኋላ ፊቷና ገላዋ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ዓይኗም ቀልቶ ከነበረ ኩፍኝ ሊሆን ስለሚችል ለጤና ጣቢያው ተናገሩ። የክትባት ካርዷንም ይዛችሁ ሂዱ፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ውስጥ የሳንባ ምች መከላከያው አለበት። የኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ አይከለክልም፣ ተከትሎት የሚመጣውን ግን ይቀንሳል።

አወቱ_ማዶ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለቱንም ብያለሁ። የሁለቱም ደም ታይቶ ኔጌቲቭ ነው። የልጅቷ ትንፋሽ ተኝታ 32። ጀርባውን ሳነበው እንዳላችሁት ኪኒኑ 500 ፓራሲታሞል አለበት፤ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር የሚውጠው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ዳማከሴ በልጅቷ አፍንጫ ጠብ ይደረግ የሚለው ግፊት በዝቷል፤ የባሕር ዛፍ እንፋሎትስ? ሁለተኛው፣ በሁለት ክፍል ስድስት ሰው እንዴት ይለያል?

ቡና_በጨው

ዳማከሴ ለጎልማሳ ቅጠሉ ታሽቶ ትንሽ ጭማቂ ቢጠጣ የሚከለክል ሰው አልሆንም፤ ያሳደገን ነው። ኢንፍሉዌንዛን ይገድላል ብሎ ፓራሲታሞሉንና ሐኪሙን መተው ግን አይደለም። በልጅ አፍንጫ ግን አይሆንም፦ የምታለቅስ ልጅ አፍንጫ ውስጥ የሚንጠባጠብ ጭማቂ ወደ ሳንባዋ ሊሄድ ይችላል። አፍንጫዋ ከተዘጋ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ላይ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው (9 ግራም ገደማ) አሟሙታችሁ በየቀዳዳው 2 ጠብታ፣ ከምግብና ከእንቅልፍ በፊት። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ።

ፌጦ በሎሚ ጨጓራ ላለበት ሰው እሳት ነው። ዝንጅብል ሻይ ጥሩ። ማር ሳል ያበርዳል፤ ለልጅቷ ማታ ስትተኛ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር ምላስ ላይ ማስነካት እንኳ አይገባም፤ አንጀቱ ውስጥ መርዝ የሚያመርት ጀርም ዘር ሊኖርበት ይችላል። ለእናታችሁ ደግሞ ማር ያው ስኳር ነው፣ «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ አይቆለል።

እንፋሎቱን በተመለከተ፣ ለጎልማሳ አፍንጫውን ለጥቂት ደቂቃ ያቀልለታል፣ ከዚያ ያለፈ አይሠራም።

ደቂቃ_ቁጠሩ

ይቅርታ ግን እንፋሎቱን «ያቀልለታል» ብለን ብቻ አንለፈው። የፈላ ድስት፣ ከላይ ጋቢ፣ ሥር ላይ የ3 ዓመት ልጅ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ፦ ይሄ የቃጠሎ ክፍል ታሪክ ነው። በዚያ ቤት ጨርሶ አይደረግ። ለጎልማሳውም ሙቅ ሻይ ከአፍንጫው ሥር ይዞ ቢጠጣ ያው እንፋሎት ነው።

ቡና_በጨው

ተቀብያለሁ፣ ልክ ነሽ። ስለ መጠጡ ልጨርስ፦ አጥሚት፣ የገብስ ሾርባ፣ ቀጭን ሻይ፣ ውሃ። ወንድምሽ ሽንቱ ጠቆር ካለ እየጠጣ አይደለም፤ ከ2 እስከ 3 ሊትር በቀን ይድረስ። ካስመለሰ ወይም ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ፦ ፓኬቱ ላይ 1 ሊትር ካለ ሙሉው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። ግማሽ ፓኬት በብርጭቆ እየገመቱ መበጥበጥ ጨውን ያበዛዋል። ልጅቷ ካስመለሰች 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ በየ2 ደቂቃው አንድ ማንኪያ። ቡና አንድ ሁለት ሲኒ አይጎዳም፣ ከሰዓት በኋላ ግን እንቅልፉን ይውሰድበት አልልም።

መስኮት_ክፈቱ

ሁለት ክፍል ካለ ነገሩ ቀላል ነው፦ አባትና ልጅ አንዱ ክፍል፣ ነፍሰ ጡሯና እናታችሁ ሌላው። ቀደም ብለው ተጋልጠዋል፣ እውነት ነው፤ ቫይረሱ ምልክት ከመጀመሩ 1 ቀን በፊት ጀምሮ ነው የሚወጣው። ቢሆንም ተጨማሪ መጠን እንዳይቀበሉ ይጠቅማል። ጎልማሳ ከ5 እስከ 7 ቀን ያስተላልፋል፣ ልጆች ከዚያም ይረዝማሉ። ልጅቷን የሚንከባከባት እናቷ እንዳትሆን፤ ከቀሪዎቹ ሁለቱ አንድ ጤነኛ ሰው ይመደብ፣ እሱ ብቻ ይግባ ይውጣ፣ ሲገባ ማስክ ያድርግ። ማስኩ አንድ ብቻ ካለ ለታማሚው ይቅደም፤ የሚረጨው እሱ ነው።

መስኮት! «ንፋስ ይመታኛል» ተብሎ ሚኒባሱም ቤቱም ጥርቅም ይደረጋል። ዝናብ ሲመጣ ባጃጁ በላስቲክ ይታሸግና ሦስት ሰው የአራተኛውን ሳል ይተነፍሳል። ንፋስ ኢንፍሉዌንዛ አያመጣም፤ ቫይረሱ የሚመጣው ከሰው ነው፣ የሚጠፋው ደግሞ አየሩ ሲቀየር። በተቃራኒ ግድግዳ ያሉ መስኮትና በር በየ2 ሰዓቱ ለ15 ደቂቃ ይከፈቱ፣ ታማሚውን ብርድ ልብስ አልብሱት። ማታ ብርድ ከሆነ የላይኛው ጫፍ የእጅ መዳፍ ያህል ክፍት ይሁን።

ጠያቂ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ጠያቂውን በረንዳ አስተናግዱ። የዕጣኑም የከሰሉም ጭስ የሚያስለውን ሰው ደረት ያባብሳል፤ ቡናው ውጭ ይፈላ። ሲኒዎቹ በአንድ ሳህን ውሃ ተዘፍቀው የሚወጡ ከሆነ ያ መታጠብ አይባልም፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይታጠቡ። ለታማሚው ብርጭቆና ማንኪያ ይለይለት፣ ከአንድ ትሪ መብላቱና ጉርሻው ለሳምንት ይቅር። (ጭስ ካነሳን፦ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር አገሩን የጨረሰው «የኅዳር በሽታ» ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ ማቃጠሉም ከዚያ የመጣ ነው። ሠፈሩን ማጽዳቱ ግሩም፣ ማጨሱ ግን ቫይረሱን አይገድልም፣ አስም ያለበትን ያስቸግራል።)

እጅ፦ ሳሙና ተቀብቶ 20 ሰከንድ፣ አውራ ጣትና የጣት መሃል ሳይረሳ። ውሃ በጠፋ ቀን ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ከተፋሰስ ጋር አንድ ጥግ ይቀመጥ፤ ካልሆነ አልኮሉ ከ60 በመቶ ያላነሰ ሳኒታይዘር። ቫይረሱ በር እጀታና ስልክ ላይ እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ለእጀታና ለጠረጴዛ 5 በመቶ በረኪና 20 ሚሊ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጡ፣ ቀብታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩና ጥረጉ። ቆሻሻ ላይ በረኪናው ኃይሉን ያጣል፣ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ፤ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ካገኛችሁ ለእናታችሁ ይጠቅማል። ግን ጥቁር ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ካለ ቁጥሩ ሊሳሳት ይችላል፤ ያልተቀባ ጣት ምረጡ፣ እጁን አሙቁ፣ ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ከ90 በታች ድንገተኛ ነው። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው ግን ቁና ቁና የሚተነፍስ፣ ደረቱን የሚወጋው ወይም የሚቀባዥር ከሆነ ሰውየውን እመኑ። ለነፍሰ ጡሯ ደግሞ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፣ ሳይነጋ ትሂድ።

ዶርም_ሦስተኛ_ፎቅ

እዚሁ ልጠይቅ። አንድ ክፍል ስድስት ነን፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ሁለቱ ታመዋል። መቼ ነው ክላስ የሚመለሱት? ሳሉስ እስከ መቼ ነው ጤነኛ የሚባለው?

መስኮት_ክፈቱ

ያለፓራሲታሞል ትኩሳት ሳይኖራቸው 24 ሰዓት ከሞላ በኋላ ይመለሱ። «ያለፓራሲታሞል» የሚለውን አትርሱ፤ ጠዋት ሁለት ፍሬ ውጦ 36.8 ያለው ሰው አልዳነም። ሁለቱን በአንድ ጥግ፣ መስኮት አጠገብ አድርጉ፤ የሌሎቻችሁን ትራስ አገላብጡ፣ የአንዱ ራስ ከጎረቤቱ እግር ጋር ይሁን። በአንድ ቻርጀርና በአንድ ኩባያ መጠቀም ይቅር።

ማይክሮስኮፕ

የሳሉን እኔ፦ ትኩሳቱ በ3 ወይም በ4 ቀን ይወርዳል፣ ድካሙና ሳሉ ግን እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ያ ብቻውን አያስፈራም። የሚያስፈራው ተሽሎት ተነስቶ ከ5 እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ እንደገና ሲተኩስ፣ አክታው ቢጫ ወይም ዝገት ሲመስል፣ ሲተነፍስ ጎኑን ሲወጋው ነው፤ ያ ባክቴሪያ ተከትሎ የገባ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ይታይ፣ አንቲባዮቲክም የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላውና አልተወውም ካለ ደግሞ «የጉንፋኑ ትራፊ ነው» አይባልም፣ አክታው ለቲቢ ይመርመር። ጠዋት ከመብላት በፊት፣ አፍ በውሃ ተጉመጥምጦ፣ ከጥልቅ ተስሎ የወጣ አክታ ነው የሚፈለገው፤ ምራቅ ተፍቶ የሚያመጣ ሰው ውጤቱን ባዶ ያደርገዋል።